ከቤተ ሙከራ መደርደሪያ እስከ ገበያ፦ አምፖል፣ እንዶድና ጤፍ ስለ ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስር የሚያስተምሩን

መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያም የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ፣ የሰሜን ተራሮችን በስተቀኙ እያየ አዲ አርቃይ ይገባል። መንገዱ ወደ ፊት በማይ ጸብሪ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ፣ ወደ አክሱምና ወደ አድዋ ይወስዳል። በልጅነቴ አዲ አርቃይ ወንዝ ዳር ተቀምጬ እናቴ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ስታጥብ አይ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲታሽ ነጭ አረፋ ያወጣል። እኛ ልጆች አረፋው ዓይን ያቃጥላል እየተባልን ከመታጠቢያው በታች ባለው ውኃ እንዳንጫወት እንከለከል ነበር። ያ አረፋ ተከዜን ተሻግሮ በአድዋ አንድ ታላቅ ሳይንሳዊ ግኝት እንዳስገኘ ያወቅሁት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ማዶ ሄጄ ነው።

ከትምህርት ተመልሼ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ ደግሞ የራሴ የሆነ አንድ ገጠመኝ አለኝ። ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆነን የኤሌክትሪክ ምጣድን ሙቀት የሚቆጣጠር መሣሪያ ሠራን። መሣሪያው በቤተ ሙከራ ውስጥ በትክክል ሠራ፤ ተማሪዎቹም ጥሩ ውጤት አገኙ፤ ጽሑፉም ተጠርዞ ተቀመጠ። በክረምት ዕረፍት ወደ አዲ አርቃይ ስሄድ መሣሪያውን ይዤ ለአንድ የብረታ ብረት ሠራተኛ አሳየሁት። አገላብጦ ካየው በኋላ፣ «መምህር፣ ይህ ዕቃ ቢቃጠል መለዋወጫው ከየት ይገዛል? መብራት ከፍ ዝቅ ሲልስ ይችላል? ገዢው ተበላሸብኝ ብሎ ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» አለኝ። ከሦስቱ ጥያቄዎች ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። መሣሪያው ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ውድ አንባብያን፣ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ የቀረው ሥራ ብዙ ነው። ይህ ለምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። ገንዘብ መጥፋቱ እውነት ቢሆንም ሙሉው ምክንያት ግን አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ሦስት እውነተኛ ታሪኮችን፣ ማለትም የአንድን አምፖል፣ የእንዶድንና የጤፍን ታሪክ በማነጻጸር አንድ የምርምር ውጤት ከመደርደሪያ ወርዶ ገበያ እንዲደርስ ምን ምን መሟላት እንዳለበት ለማየት እንሞክራለን። (ዓመተ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

አራቱ ቀለበቶች

በቅድሚያ አንዳንድ ቃላትን እንለይ። ቀድሞ የነበረን ነገር ግን ያልታወቀን የተፈጥሮ እውነታ ማወቅ ግኝት ይባላል። ቀድሞ ያልነበረን መሣሪያ ወይም ዘዴ ማውጣት ፈጠራ ነው። ፈጠራው ተመርቶና ተሽጦ፣ ወይም በሌላ መንገድ ተሠራጭቶ የሰዎችን አኗኗር ሲለውጥ ኢኖቬሽን እንለዋለን። ይህን መንገድ ኪሣራውንም ትርፉንም ተቀብሎ የሚመራ ሰው ሥራ ፈጣሪ ይባላል። እንግዲህ አንድ ዩኒቨርሲቲ በግኝትና በፈጠራ የበለጸገ ሆኖ ሳለ በኢኖቬሽን ድሃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከግኝት እስከ ኢኖቬሽን ያለውን መንገድ እንደ ሰንሰለት ብንመለከተው አራት ቀለበቶች ይኖሩታል። አንደኛው ዕውቀት ነው። ሁለተኛው ማረጋገጫ ነው፤ ይህም የተባለው ነገር በትክክል እንደሚሠራና ጉዳት እንደማያደርስ ሌላው ወገን በሚቀበለው ልኬት ማሳየት ነው። ሦስተኛው አምራች ነው። አራተኛው ውል ነው፤ ማን ምን እንደሚሰጥና ማን ምን እንደሚያገኝ የሚወስን ስምምነት ማለት ነው። የሰንሰለት ጥንካሬ የሚለካው በደካማው ቀለበቱ ነውና ከአራቱ አንዱ ቢላላ ሦስቱ ብቻቸውን ጭነቱን አይሸከሙም።

አንድ አምፖልና አንድ ኩባንያ

የመጀመሪያው ታሪካችን የፊዚክስ ተማሪ በቀላሉ ሊከተለው የሚችለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፍሬደሪክ ተርማን የተባሉ የራዲዮ ምሕንድስና ፕሮፌሰር በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቻቸው ከተመረቁ በኋላ በአካባቢው የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ ያበረታቱ ነበር። ከተማሪዎቻቸው መካከል ዊልያም ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ ይገኙበታል።

ሂውሌት ለመመረቂያው ያጠናው የድምፅ ድግግሞሽ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ፣ ማለትም ኦስሌተር ነበር። ኦስሌተር ማለት የማጉያውን ውጤት ከፊሉን ወደ ራሱ ወደ ማጉያው መግቢያ የሚመልስ ሰርኪዩት ነው። ተመላሹ ሞገድ በየዙሩ ከበፊቱ ካነሰ ሞገዱ እየደከመ ይጠፋል። ከበፊቱ ከበለጠ ደግሞ እያደገ ሄዶ የማጉያውን አቅም ያልፍና ቅርፁ ይበላሻል። ስለዚህ በአንድ ዙር ያለው ጠቅላላ ማጉላት ልክ 1 ሆኖ መጽናት አለበት። ችግሩም እዚህ ላይ ነበር፤ ሙቀትና የመሣሪያው ዕርጅና ማጉላቱን በየጊዜው ስለሚለዋውጡት አንድ ላይ ማጽናት ቀላል አልነበረም።

ሂውሌት የተጠቀመበት በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በማክስ ቪን ስም የሚጠራውን የሬዚስተርና የካፓሲተር ድልድይ ነው። በዚህ ድልድይ ውስጥ የሞገዱ ድግግሞሽ የሚወሰነው

f = 1 ÷ (2πRC)

በሚለው ቀመር ነው። ለምሳሌ R = 10,000 ኦም፣ C = 16 ናኖ ፋራድ ቢሆን ድግግሞሹ ወደ 1,000 ኸርዝ ይጠጋል። በዚህ ድግግሞሽ ድልድዩ ከማጉያው ውጤት አንድ ሦስተኛውን ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ የዙሩ ማጉላት 1 እንዲሆን ማጉያው ልክ 3 ጊዜ ማጉላት ይኖርበታል።

ይህን 3 ቁጥር ማን ይጠብቀዋል? የሂውሌት መልስ አንድ ትንሽ አምፖል ነበር። የአምፖል ክር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። አምፖሉ በማጉያው አሉታዊ ግብረ መልስ መስመር ውስጥ ከገባ፣ ሞገዱ ሲበረታ ክሩ ይሞቃል፤ ሬዚስታንሱ ያድጋል፤ ማጉላቱም ይቀንሳል። ሞገዱ ሲደክም ደግሞ ክሩ ይቀዘቅዝና ማጉላቱ ይጨምራል። ውስብስብ መቆጣጠሪያ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ከመደብር የሚገዛ አምፖል ሠራው ማለት ነው። የአዲ አርቃዩ ባለሙያ የጠየቀኝን «መለዋወጫው ከየት ይገዛል?» የሚለውን ጥያቄ የሂውሌት አምፖል አስቀድሞ መልሶታል።

ሂውሌትና ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1939 በፓሎ አልቶ ከተማ በአንድ ጋራዥ ውስጥ በ538 ዶላር ካፒታል ኩባንያቸውን መሠረቱ። የመጀመሪያውን ኦስሌተር በ54 ዶላር ከ40 ሳንቲም ለገበያ አቀረቡ፤ ተፎካካሪዎቻቸው የሚሸጡት መሣሪያ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነበር። ከቀደሙት ደንበኞቻቸው አንዱ የሆነው የዋልት ዲዝኒ ድርጅት ለአንድ ፊልም የድምፅ ሥራ ስምንት መሣሪያዎች ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ ስታንፎርድ ከመሬቱ ከፍሎ ለኢንዱስትሪዎች የሚከራይ መንደር አቋቋመ። በኋላ በዓለም የታወቀው የሲሊከን ሸለቆ ከዚህ ዓይነቱ ጅምር ነው ያደገው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አራቱም ቀለበቶች ተገጣጥመው ይታያሉ። ዕውቀቱ ከዩኒቨርሲቲው መጣ። ማረጋገጫው ቀላል ነበር፤ ገዢው መሣሪያውን ሰክቶ በራሱ ሊለካው ይችላል። አምራቹ ተመራማሪው ራሱ ነው። መምህሩም ተማሪዎቹን ከሥራው ዓለም ጋር አገናኝቷል። ሁሉም ፈጠራ ግን እንዲህ የታደለ አይደለም።

እንዶድ፦ ዕውቀት ሞልቶ አምራች ሲጠፋ

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ነበሩ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተውሳክ ሕይወቱን የሚያሳልፈው በሰውና በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ መካከል እየተመላለሰ ነው። ከበሽተኛ ሰው የሚወጣው እንቁላል ውኃ ውስጥ ገብቶ ይፈለፈላል፤ እጩም ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ቢጠፋ ዑደቱ ይቋረጣል።

አክሊሉ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። አጣቢዎቹ የሚጠቀሙት በአማርኛ እንዶድ፣ በትግርኛ ሽብጢ የሚባለውን ፍሬ ነበር። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው አረፋው ውስጥ ሲጨምሯቸው ሞቱ። ገዳዩ ንጥረ ነገር አረፋውን ከሚያስገኘው ከሳፖኒን ወገን መሆኑ በኋላ በቤተ ሙከራ ታወቀ። ከእርሱ አንዱ በአክሊሉ ስም «ለማቶክሲን» ተብሎ ተሰይሟል።

እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ተቋሙ ዛሬ የሚጠራው በአክሊሉ ለማ ስም ነው። ከእ.ኤ.አ. 1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ የበሽታው ስርጭት በሕዝቡ መካከል ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው 44 የተባለውን ምርጥ ዓይነት ለዩ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀለበት፣ ማለትም ዕውቀቱ፣ ጠንካራ ነበር። ችግሩ በሁለተኛው ላይ ተከሠተ። አንድን ንጥረ ነገር ወንዝ ውስጥ በስፋት ለመጨመር በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መጠናት አለበት፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም የሚገድል በመሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ዓለም አቀፍ ተቋማት የሚቀበሉት ጥናት በታወቀ የቤተ ሙከራ ደረጃ የተከናወነ መሆን ነበረበት፤ ይህም ብዙ ገንዘብና የተሟላ ቤተ ሙከራ ይጠይቃል። በዚህ ደረጃ የተሠራው የደኅንነት ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከግኝቱ ጀምሮ ሃያ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ዓለም አልቆመም። ለቀንድ አውጣ መግደያ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚያመርተው ኬሚካል ገበያውን ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹም ባየርና መርክ የተባሉት ኩባንያዎች ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት አወጡ፤ የበሽታው መከላከል ትኩረትም ቀንድ አውጣን ከመግደል ይልቅ ሰውን ወደ ማከም አዘነበለ። እንዶድን የሚያለማ፣ የሚያደርቅ፣ የሚፈጭና በታወቀ ጥራት አሽጎ የሚያቀርብ ኢንዱስትሪ ግን በአገራችን ገና ከመጀመሪያው ከተመራማሪዎቹ ጎን አልቆመም ነበር። ለድሃ ሕዝብ በሽታ የሚሆንን ዕቃ ለማምረት የሚደፍር ባለ ሀብት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ገዢው ሕዝብ መክፈል አይችልምና።

የታሪኩ መጨረሻ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሜዳ አህያን የመሰለ መስመር ያለው ባዕድ ዛጎለኛ ፍጥረት በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ታየ፤ በፍጥነት ተራብቶም የኃይል ማመንጫዎችንና የከተሞችን የውኃ ቧንቧ መዝጋት ጀመረ። እንዶድ ይህንንም ፍጥረት እንደሚገድል አክሊሉ ከአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ለዚሁ አገልግሎት በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠ፤ አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሲሆኑ የመብቱ ባለቤት ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ያ ዩኒቨርሲቲ ፈጠራን የሚያስመዘግብበት ልማድና ሕግ ነበረው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ፈጠራ የዩኒቨርሲቲው ንብረት እንዲሆን ፈቅዳለች። ዕውቀቱን በመጀመሪያ በእጃቸው የያዙት የወንዝ ዳር አጣቢዎች ግን በሰነዱ ላይ ስማቸው የለም።

ጤፍ፦ ውል ኖሮ ተከታታይ ሲጠፋ

እንዶድ አምራች ያጣ ዕውቀት ነበር። ጤፍ ደግሞ አምራችም ውልም አግኝቶ ያልተሳካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው በኢትዮጵያ የጤፍ ዝርያዎች ተጠቅሞ ለአውሮፓ ገበያ ምርት ያወጣል፤ ከጥቅሙም ለኢትዮጵያ ያካፍላል የሚል ነበር። ስምምነቱ በወቅቱ ለሌሎች አገሮች አርአያ ይሆናል ተብሎ ተወድሷል።

ይሁን እንጂ በኩባንያው ወገን ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የቀረበው የባለቤትነት ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ ጸደቀ። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሠረ። ውሉ የሚያስገድደው የከሠረውን ኩባንያ ብቻ ስለነበር፣ መብቱ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ሲተላለፍ ኢትዮጵያ የምትጠይቀው አካል አጣች። አገሪቱ በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የባለቤትነት መብቱ በቂ የፈጠራ ይዘት የለውም በማለት በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ፍርዱ የመጣው ግን በሌሎች ወገኖች ክርክር እንጂ በኢትዮጵያ ክስ አልነበረም።

ከዚህ የምንረዳው ውል መፈረም መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ውልን የሚያነብ፣ በየዓመቱ ሒሳብ የሚጠይቅ፣ አጋሩ ቢከሥር ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያስብ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የሕግ ክፍል ተማሪዎች ሥራ ብቻ አይደለም፤ ቴክኒኩን የማያውቅ ሕግ ዐዋቂ ስለ ዱቄት እርጥበትና ስለ ወንፊት ቀዳዳ የሚናገረውን አንቀጽ መመዘን ይከብደዋልና።

ጥሩ ውል ምን ይዟል?

በአገራችን ለዚህ ሥራ መሠረት የሚሆኑ ሕጎች አሉ። ስለ ፈጠራ፣ ስለ አነስተኛ ፈጠራና ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ ጥበቃ ይሰጣል። ይህን የሚያስፈጽም የአእምሯዊ ንብረት ተቋም በ1995 ተቋቁሟል። ከጤፉ ስምምነት ቀጥሎ በ1998 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም መጋራት እንዳይወሰድ ይከለክላል። እንዶድ ዛሬ ቢገኝ ኖሮ የአጣቢዎቹ ዕውቀት በዚህ ሕግ ዓይን የማኅበረሰብ ሀብት ነው።

በዩኒቨርሲቲና በድርጅት መካከል የሚደረግ ውል ቢያንስ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ሊሰጥ ይገባል።

ሀ) እያንዳንዱ ወገን ቀድሞ የነበረው ዕውቀትና መሣሪያ ምንድን ነው?
ለ) በጋራ ሥራው የሚገኘው አዲስ ውጤት የማን ነው?
ሐ) የማረጋገጫውን ልኬት ማን ይሠራል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?
መ) ተመራማሪው ውጤቱን ማሳተም የሚችለው መቼ ነው?
ሠ) ዕውቀቱ የተገኘበት ማኅበረሰብ ምን ያገኛል?
ረ) ከወገኖቹ አንዱ ቢከሥር ወይም ቢያቋርጥ መብቱ ወደ ማን ይሄዳል?

በተለይ በፊደል «መ» የተመለከተው ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲዎች ከባድ ነው። ነጋዴ ምሥጢሩን መጠበቅ ይፈልጋል፤ ሳይንስ ግን የሚያድገው በመታተምና በመተቸት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለገንዘብ ሲል ለዘለዓለም ዝም ለማለት ከፈረመ ዩኒቨርሲቲነቱ ምኑ ላይ ነው? በአንጻሩ ፈጠራው ከመመዝገቡ በፊት ሁሉን ነገር ማውራት አዲስነቱን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት፣ ከዚያም ማሳተም የሚል ስምምነት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ወደ አዲ አርቃይ ስንመለስ

ምናልባት አንባቢው፣ «ይህ ሁሉ ትላልቅ ፋብሪካዎች ላሉባቸው አገሮች ነው፤ በሰሜን ጎንደር ወረዳ ከተሞች ከማን ጋር ልንተሳሰር ነው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ኢንዱስትሪ ሲባል ጭስ የሚያወጣ ሕንፃ ብቻ አይደለም። በያጁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የንብ አናቢዎች ማኅበሩ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት አምራቾች ናቸው። ጋራዥ ውስጥ የተጀመረው ኩባንያም በመጀመሪያ ቀኑ ከእነዚህ የገዘፈ አልነበረም።

የምጣዱን ጉዳይ በቁጥር እንመልከተው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ለመሞቅም 12 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። ከመጋገሩ በፊት ብቻ የሚወጣው ኃይል

3.5 ኪሎ ዋት × 0.2 ሰዓት = 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት

ይሆናል። ከምጣዱ በታች ያለውን ሙቀት ከላካይ ንጣፍ በማሻሻል የመሞቂያው ጊዜ በ3 ደቂቃ ቢያጥር በእያንዳንዱ ጋገራ 0.175 ኪሎ ዋት ሰዓት ይድናል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚጋገርበት ቤት በዓመት 156 ጋገራ ነውና 27.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ለአንድ ቤት ይህ ትንሽ ነው፤ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ መሣሪያ ለመግዛት አያነሣሣም። ለ1,000 ቤት ግን 27,300 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማሻሻያው ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ካልሆነ ማንም አይገዛውም፤ ስለዚህ የእኛ ውድ መቆጣጠሪያ ከመነሻው የተሳሳተ መልስ ነበር። ሁለተኛ፣ ጥቅሙ የሚታየው በብዛት ሲመረት ነው፤ በብዛት ማምረት ደግሞ የመምህር ሳይሆን የባለ ወርክሾፑ ሥራ ነው።

የብረታ ብረት ባለሙያው ሦስት ጥያቄዎች ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ይገጥማሉ። መለዋወጫ የማይፈልግ፣ በመብራት መዋዠቅ የማይበላሽ፣ ተመላሽ የማያበዛ ዕቃ ማለት ከኤሌክትሮኒክስ ይልቅ የንጣፍና የክዳን ማሻሻያ ማለት ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ብጠይቀው ኖሮ የተማሪዎቼ የአንድ ዓመት ድካም በሌላ አቅጣጫ በሄደ ነበር። አሁን አዲስ ተማሪዎች ሥራውን ሊጀምሩ ሲሉ በመጀመሪያ የላክኋቸው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ወደ ወርክሾፕ ነው።

ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ አሠራር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን አደራጅቶ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አብረው ሠርተው አብረው ይማሩ ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ኮሌጅ ነው። የሕክምና ተማሪ በሽተኛ ሳያይ እንደማይመረቅ ሁሉ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪስ ወርክሾፕ ሳያይ ለምን ይመረቃል? ከሊማሊሞ በላይ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ መከፈቱ ደግሞ ለአዲ አርቃይና ለአካባቢው ቤተ ሙከራውን አቅርቦታል።

ማጠቃለያ

ሦስቱን ታሪኮች ስናነጻጽር፣ አምፖሉ አራቱም ቀለበቶች ስለተገጣጠሙለት ዓለምን ዞረ። እንዶድ ማረጋገጫው ስለዘገየና አምራች ስላልነበረው ከሽልማት አልፎ ገበያ አልደረሰም። ጤፍ ውሉ ስለላላ ጥቅሙ ከእጅ ወጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንደሆነ ሁሉ፣ ተመራማሪ ብቻውን የማይሸከመውን በያጁ፣ ነጋዴው፣ ሕግ ዐዋቂውና ባለ ዕውቀቷ እናት ቢካፈሉት ይቀላል። ዋናው ቁም ነገር ግን የመገናኛው ጊዜ ነው። አጋር የሚፈለገው ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ጥያቄው በሚቀረጽበት ቀን ነው።

ወጣት አንባብያን ሆይ! የመመረቂያ ርእሳችሁን ከመምረጣችሁ በፊት በከተማችሁ ካሉ አምራቾች አንዱን አነጋግሩ። የሚጠይቃችሁን ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ለሦስቱም መልስ እስክታገኙ ድረስ ሥራችሁን አለቀ አትበሉ።

መልመጃ

1. ቮልቴጁ 220፣ ኃይሉ 60 ዋት የሆነ የክር አምፖል ሲበራ ሬዚስታንሱ ስንት ነው? አምፖሉን ከመስመር ነቅላችሁና አቀዝቅዛችሁ በኦም መለኪያ ለኩት። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እጅግ ተራራቁ? ይህስ በሂውሌት ሰርኪዩት ውስጥ ምን ጠቀመ?
2. በቪን ድልድይ ውስጥ የC መጠን አሥር እጥፍ ቢያድግ ድግግሞሹ ምን ይሆናል?
3. የኮይልና የካፓሲተር ኦስሌተር ድግግሞሹ ከC ስኩዌር ሩት ጋር በተቃራኒ የሚለዋወጥ ነው። C አሥር እጥፍ ቢያድግ በዚህ ኦስሌተር ላይ የሚመጣውን ለውጥ በጥያቄ 2 ካገኛችሁት ጋር አነጻጽሩ። ለገዢው የሚሻለው የትኛው ነው?
4. በአካባቢያችሁ ከእናቶች ወይም ከአርሶ አደሮች የምታውቁትን አንድ የማኅበረሰብ ዕውቀት ምረጡ። ከአራቱ ቀለበቶች የትኞቹ ተሟልተውለታል? የትኛው ይጎድለዋል? የጎደለውንስ ማን ሊሞላው ይችላል?